የተቸነከረው የኋላ በር

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። አሰላ ገበያው አጠገብ በአንድ ጣሪያ ሥር ከተደረደሩት ሱቆች አንዱን ተከራይተን፣ እሱ ከኋላ ይሰፋል፣ እኔ ከፊት እሸጣለሁ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ በሱቆቹ መሀል ያለው ግድግዳም ጣሪያው ድረስ አይደርስም። ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ «ይማርህ» እንላለን።

የኋላ በር ነበረን። አከራያችን ሌባ ገባ የሚል ወሬ በሰሙ ማግስት አናጢ አምጥተው ከውጭ ሳንቃ አስቸነከሩበት። የዚያን ጊዜ የአሰላ ሰው ሌባን እንጂ እሳትን መች ይፈራ ነበር! ባሌ ጭራሽ ደስ አለው። «ተይው፣ ጨርቁ የሰው ነው» አለኝ። እኔ ግን አላስቻለኝም። ጎረቤታችን ላምባ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ መስኮት ስለሌለው በጠራራ ፀሐይ ኩራዝ አብርቶ ከበርሜል ይቀዳል። አከራዩን ባገኘኋቸው ቁጥር እለምናለሁ።

«አባባ፣ እባክዎ በሩን ያስከፍቱልን። እሳት ቢነሳ በየት እንወጣለን?»

«ክፉ አታውሪ ልጄ። ኢንሻላህ ከኢድ በኋላ» ይሉኛል። ስንት ኢድ አለፈ።

አንድ ዓመት ኢድ ሲቃረብ ሱቁ በጨርቅ ተሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ደጅ ቆሜ ከደንበኛ ጋር ስከራከር ላምባው ቤት ቦግ አለ። ነጋዴው ሮጦ ወጣ። እሳቱ በአቡጀዲው ላይ ሄዶ እኛ ጋ ደረሰ፤ ኮርኒሱ እየነደደ በፊት በኩል ወረደ። ባሌ ከኋላ ነበር። መጥረቢያ ይዘው ከደረሱ ሰዎች ጋር በጓሮ ዞርኩ። በሩን ከውስጥ ሲደበድብ ሰማሁት። ሳንቃው ሲነሳ ድብደባው ቆሞ ነበር።

አከራዩ ለቅሶ መጥተው «የአላህ ውሳኔ ነው» አሉ።

«ሚስማሩንም የመታው አላህ ነው?» አልኳቸው።

ሴቶቹ አፌን ያዙኝ፤ ሐዘን ነው የሚያናግራት ተባለ። እሳቸው አልተቆጡም፣ አዘኑልኝ። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በዓመቱ ሱቆቹን መልሰው አሠሩ። ያው አቡጀዲ፣ ያው አጭር ግድግዳ። የኋላ በሩን ግን ሌባ እንዳያስቸግር ብለው ጨርሶ አስቀርተውታል። ገበያው አካባቢ ሌላ የሚከራይ ሱቅ አልነበረም፤ ልጆቼ ደግሞ መብላት አለባቸው። ቁልፉን ተቀበልኩ። ብረቱ የተረፈውን የባሌን የስፌት መኪና አስጠግኜ ደፉ ላይ አኖርኩት፤ ከእሱ ያየሁትን ያህል እሰፋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ይመታኛል።

«ምነው ወደ ውስጥ ገባ ብትይ?» ይለኛል አላፊ አግዳሚው።

አንድ እግሬን ደጅ አድርጌ እሰፋለሁ።