ነጩ ጋውኔና የሐጂ ጥድ

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት... ሐረር፣ አቦከር ሰፈር፣ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ መጥረቢያ የያዘ ሰው ቆሟል። የጠራሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የአከራዬ የሐጂ ዑስማን ጥድ ቅጠሉ መቅላት ጀመረ። የተከሉት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ሐጂ ከሰዓት ጥላው ሥር ካልተቀመጡ ጫታቸው አይጥማቸውም። ሲጨነቁ ሳይ አላስቻለኝምና ስልኬ ላይ ስለ ጥድ በሽታ ሳነብ ዋልኩ።

«ሐጂ፣ በዓይን የማይታይ ትል ግንዱ ውስጥ ገብቷል። ዛፉ ትሉን እገድላለሁ ብሎ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ግን የራሱን የውሃ መተላለፊያ ይዘጋና ራሱን ያደርቀዋል።»

«ሱብሃነላህ! በገዛ ንዴቱ ነው የሚሞተው በለኛ!»

«እንደዚያ ይበሉት። ቶሎ ካልተቆረጠ ለጎረቤት ዛፍም ይተርፋል።»

ግንዱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «እንግዲህ የተማረው አንተ ነህ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አንጀቴን በሉት... ግን ሳይንስ ነው፣ ምን ላድርግ!

እናላችሁ ቅዳሜ፣ ሐጂ ዳር ቆመው እያዩ፣ ቆራጩ ገመድ ሲያስር እኔ ልብሴን አጥቤ ጨረስኩ። እዚህ ሐረር ውሃ ስንት ቀን ተጠብቆ ነው የሚመጣው፤ እጣቢ ዝም ብሎ አይደፋም። እኔም ግቢው ከገባሁ ጀምሮ እጣቢዬን የምሰጠው ለጥዱ ነው። እንደ ልማዴ ሳፋውን ተሸክሜ ሄጄ ሥሩ ላይ አፈሰስኩት። የስንብት ውሃው ነው ብዬ አዝኜም ነበር።

ቆራጩ አፍንጫውን ያዘ። «መምህር... ይሄ ምንድነው?»

«የጋውኔ እጣቢ ነዋ።»

«በረኪና አለው እንዴ?»

«ታዲያ ጋውን ያለ በረኪና ይነጣል?» አልኩት። ካልኩ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

ሐጂ ባዶውን ሳፋ አዩ... ጥዱን አዩ... አጥር ላይ የተሰጣውን፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ ጋውኔን አዩ።

«ስንት ጊዜህ ነው?»

«ከገባሁ... ሁለት ወር። በየቅዳሜው።»

«ወላሂ፣ በዓይን አይታይም ያልከኝ ትል ይኸው ሳፋ ይዞ ቆሟል!»

ቆራጩ መጥረቢያውን ጥሎ ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥዱ አልተቆረጠም። አፈሩን ቆፍሬ ቀየርኩ፣ ከራሴ ጀሪካን ንጹህ ውሃ አጠጣዋለሁ። ይዳን አይዳን ገና አልታወቀም። ሐጂ ግን በየቀኑ ሥሩ ይቀመጣሉ፣ እኔ ሳፋ ይዤ ስወጣ ደግሞ ተነስተው ይቆማሉ።

ትናንት ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ጋውንህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው?» አሉኝ።

«ጥድ እያስታመመ ነው» አልኳቸው።