ኮኩን የነካሁ ቀን

ልጅ ሳለሁ ከጅብም ከጨለማም አብልጬ የምፈራው አንድ ኮክ ነበር። የሚበላ ኮክ አይደለም፤ አክስቴ ዘይነባ በነጭ የሸክላ ኩባያ ላይ የሣለችው ነው።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከአራዳ ገበያ ጀርባ ነበር። አክስቴ ሥዕሉን የተማረችው ድሮ አንዲት አርመን ቤት ስትሠራ ነው። የቀለም ዱቄት በዘይት እያሸች፣ በቀጭን ብሩሽ ሎሚ፣ ኮክ፣ ጽጌረዳ ትሥላለች። አትሸጠውም። ጎረቤቶች «ምን ያደርግልሻል?» ሲሏት «ዓይኔን ያጠግበዋል» ትል ነበር።

ያኔ ገበያው ተበትኖ ሲመሻሽ ፋኖሷን ታበራና የከሰሉን ምድጃ ወደ እግሯ ሳብ አድርጋ ሥዕሏን ትጀምራለች፤ እኔም ፍሙን እያየሁ አጠገቧ ኩርምት እላለሁ፤ እጇ ሳያርፍ ተረት ታወራልኛለች። ቀና ስለማትል፣ የምታወራው ለእኔ ይሁን ለኩባያው አላውቅም ነበር።

ያን ሰሞን እናቴ እህቴን ወልዳ ጓዳ ተኝታለች። ትኩሳት ይዟት ነበር። አክስቴ ለእሷ አጥሚት መጠጫ የሚሆን ኩባያ ጀመረች፤ ዙሪያውን ቅጠል፣ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ኮክ። የዚያን ምሽቱ ተረት ስለ አንዲት ጂን ነው። ሰው የሚያየው እንጂ የማይነካው የኮክ ዛፍ ነበራት። እያንዳንዱ ኮክ የአንድ ሰው ነው፤ ኮኩ ሲቀላ የባለቤቱ ፊት ይፈካል። አንድ ልጅ አንዱን በጣቱ ቢያሸው ቀለሙ ጣቱ ላይ ቀረ። ቤቱ ሲመለስ አባቱ አመድ መስሎ ጠበቀው።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ አለቀ። አርፈህ ተቀመጥ።»

በማግስቱ አክስቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ኩባያው መስኮቱ ላይ ነበር። ኮኩ ጭቃ ይመስላል። እሳት ካልነካው እንደማይቀላ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ቀዩ ከሥር ተደብቆ እንደሆነ ልይ ብዬ በጣቴ ጫፍ ነካሁት። የኮኩ ግማሽ ጣቴ ላይ ቀረ።

ወደ ጓዳ ሮጥኩ። የእናቴ ዓይን ተከድኗል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ጉንጯ አመድ መስሏል። እጄን ልታጠብ አልኩና ፈራሁ። ከታጠብኩት ጭራሽ ይጠፋል፤ የእናቴ ቀለም ያለው እኔ እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ጨብጬ ያዝኩት።

አክስቴ ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኳት። «አክስቴ፣ እማን ገደልኳት» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ትስቃለች ወይም በጥፊ ትለኛለች ብዬ ነበር። እንስራዋን አወረደች። ጣቴን አየች፣ ኩባያውን አየች፣ ጓዳ ገብታ እናቴን አየች። ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ውሸት ነው እኮ ሙሔ። ኩባያዬን እንዳትነካብኝ ብዬ ከራሴ ያወጣሁት ነው። አብሽር» አለችኝ። ይህን ስትል ግን ብሩሹን አንሥታ ነበር፤ እጇም ይንቀጠቀጣል።

ኮኩን እንደገና ሣለችው። ወዲያው ቁልቁል ወደ አንጥረኛው ጋሽ ወልዴ ይዛኝ ወረደች። ኩባያዎቿን በብረት ሣጥን ከትቶ፣ ፍም ከምሮበት፣ በወናፍ እያነፋ የሚተኩስላት እሱ ነው።

«ዛሬውኑ? ኮኩ ሊያመልጥሽ ነው እንዴ ዘይነባ?» አላት እየሳቀ።

«አዎ፣ ሊያመልጠኝ ነው» አለችው። አልሳቀችም።

ሣጥኑ ሳይበርድ ከተከፈተ ኩባያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተቀምጠን ጠበቅን፤ እሷ ከንፈሯ በዱዓ እየተንቀሳቀሰ፣ እኔ እጄን እንደጨበጥኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተከፈተ። ኮኩ አንድ ጉንጩ ቀልቶ ወጣ። አክስቴ በነጠላዋ ጠቅልላው ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው፤ ትልቅ ሴት ስትሮጥ ያየሁት ያኔ ነው።

እናቴ ያን ምሽት አልተሻላትም። ትኩሳቱ የለቀቃት በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ እኔና አክስቴ ከጓዳው በር አልተለየንም፤ እርስ በርሳችንም አልተያየንም። በኋላ እናቴ በዚያ ኩባያ አጥሚቷን ስትጠጣ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም።

አክስቴ ያን ተረት ዳግመኛ አላወራችውም። እኔም ለልጆቼ ልንገራቸው ብዬ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። ያስፈራኝ ኮኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካደግሁ በኋላ ይረሳኝ ነበር። አልረሳ ያለኝ፣ ተረቱን የፈጠረችው ራሷ «ውሸት ነው» እያለችኝ እጇ ሲንቀጠቀጥ ማየቴ ነው።