አሥራ አንድ ዓመት በበግ ላይ

ይህ የገጠመኝ ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የጆበርግ ብርድ አጥንት ድረስ በሚሰማበት ወር፣ ለአረፋ በዓል ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ከዚያ ዓመት ብረሳው የምመርጠው ብዙ ነገር አለ። ይህን ግን መርሳት አልፈልግም። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ድንገት ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ስለምስቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

ያኔ የእንግሊዝኛ መምህር ለመሆን የምማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ ተቋረጠ። ሮዘተንቪል ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ከአራት ወንድሞቼና እህቶቼ ጋር ተዘግቶብን ስንጯጯህ እንውላለን። ሱቆች እንዲከፈቱ ሲፈቀድ እፎይ ብዬ ከአባቴ ጋር መሀል ከተማ መሄድ ጀመርኩ። አባቴ እዚያ ልብስና ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። ደንበኞቹ «ሐጂ» ነው የሚሉት። ከሱቁ ኋላ ባለችው መጋዘን ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው። ላፕቶፔን የብርድ ልብስ ክምር ላይ አስቀምጬ ስፓኒሽ ተናጋሪ ለሆኑ ሰዎች የእንግሊዝኛ አነጋገር ማስተማር ያዝኩ።

ከተማሪዎቼ አንዱ ኤፍራይን ነበር። ፔሩ ውስጥ በአንድ የወደብ ከተማ የሚኖር፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት በጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሠርቷል። ኮሮና ሲመጣ ሥራው ቆመ። አዲስ ሥራ ለማግኘት በቪዲዮ፣ በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ማለፍ ነበረበት። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ወድቋል። አሁን ሦስተኛው ቀርቦለታል። ሦስት ልጆች አሉት።

የወደቀበት ምክንያት አንዲት ድምፅ ናት። ስፓኒሽ አናባቢው አምስት ብቻ ነው፤ አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ፣ አለቀ። የእኛን «እ» የሚመስል ነገር የለውም። እንግሊዝኛ ደግሞ ያለዚያች ድምፅ አይሆንለትም። በእኛ ፊደል ብጽፈው ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። «ሺፕ» ካላችሁ በግ ነው። «ሽፕ» ካላችሁ መርከብ ነው። ለኤፍራይን ጆሮ ሁለቱም አንድ ነበሩ፤ ከአፉ የሚወጣውም ሁልጊዜ «ሺፕ» ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ድርጅት «አሥራ አንድ ዓመት በበግ ላይ ሠርቻለሁ» ብሎ ነገራቸው። ለሁለተኛው ደግሞ መርከብ ላይ መኖር እወዳለሁ ለማለት ፈለገ። መኖር «ልቭ» ነው፤ እሱ «ሊቭ» አለ፤ ትቶ መሄድ ማለት ነው። ሰዎቹ የሰሙት «በጉን ትቼ መሄድ እወዳለሁ» የሚል ነው። ጠያቂዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ካሜራዋን አጠፋች።

ይህን ሲነግረኝ እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው የቻልኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

መስታወት አስይዤው ከንፈሩን እንዲያይ አደረግሁ። የበግና የመርከብ ሥዕል በወረቀት አትሜ እያፈራረቅሁ አሳየሁት። ረጅሟን ድምፅ መጀመሪያ በደንብ ለይቶ እንዲያውቃት ብዬ በግ አስቆጠርኩት። «ዋን ሺፕ! ቱ ሺፕ! ስሪ ሺፕ!» እላለሁ፤ እሱም በዚያ ድምፁ ይደግማል። አንድ ቀን አርባ ደረስን። መርከቧ ግን አልመጣችም።

የመጋዘኗ ትንሽ መስኮት የምትከፈተው ወደ ኮሪደሩ መሆኑን ልብ አላልኩም። ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ሰው የምናስገባው አንድ አንድ እያደረግን ነው። ከከተማ ዳር ሰፈሮች፣ ከቴምቢሳና ከአይቮሪ ፓርክ፣ ለሱቃቸው ዕቃ ሊወስዱ የመጡት ሐበሾች እዚያ መስኮት ሥር ተራርቀው ይሰለፋሉ።

በዚያው ሳምንት የአባቴ ስልክ አላርፍ አለች። ደዋዮቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ይጠይቃሉ። «ሐጂ፣ ለአረፋ በግ አለ?» አባቴ ለራሱ ቤት የሚያርደውን እየጠየቁት መስሎት ለሁሉም «ኢንሻአላህ አለ! ለምን ይጠፋል!» ይላል። ራት ላይ እናቴን «ዘንድሮ ሰው ሁሉ ለእኔ በግ እንዲህ የሚያስበው ምን ሆኖ ነው?» ሲላት ትዝ ይለኛል። እሷም «ይወዱሃላ» አለችው። እሱም ደስ አለው።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ኤፍራይን ጋ ገና ጠዋት። አንድ ሰዓት ሲቀረው ለመጨረሻ ጊዜ ልናጠና ተገናኘን። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ክራቫት አስሯል። ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶታል። ላቡ በስክሪኑ ይታየኛል።

«ሽፕ በል» አልኩት።

«ሺፕ!»

ይህን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ሁካታ ተነሣ።

በኋላ እንደሰማሁት መጀመሪያ የገባችው ዘይነባ ናት። ቴምቢሳ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ያላት፣ ሳቋ ከሩቅ የሚታወቅ ሴት ናት። በእጇ አዲስ ገመድ ይዛለች። ከኋላዋ የአይቮሪ ፓርኩ ሸምሱ ነበር፤ ባኪ የምንላትን ፒካፕ መኪናውን ሣር ጎዝጉዞባት ታች አቁሟታል። ከእነሱ ኋላ ሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎች ተግተልትለዋል። አባቴ «ራቅ ራቅ በሉ! አንድ አንድ!» ቢል ማን ሰምቶት።

«ሐጂ፣ በጎቹን ልናይ መጣን» አለች ዘይነባ።

«የምን በጎች?»

«እኛ እኮ ለማንም አንናገርም። ተደብቀው እንደሚሸጡ ገብቶናል።»

«ኧረ እኔ ከብርድ ልብስ በቀር የምሸጠው የለም!»

«ሃይቦ! ሐጂ!» አለች ዘይነባ እንደ አገሬው ተገርማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ልጅዎ ነጃት ስትቆጥራቸው በጆሯችን ሰምተናል። ትናንት አርባ ደርሳለች። ደሞስ በስልክ እርስዎ ራስዎ አለ አላሉኝም?»

ሸምሱ በበኩሉ «እኔ አንዱን መርጫለሁ» አለ። «ያ ድምፁ ወፍራም የሆነው። ሙክት መሆን አለበት።»

ወዲያው ዘይነባ ሄዳ የመጋዘኗን በር ከፈተችው። እኔ የበግ ሥዕል በአንድ እጄ፣ የመርከብ ሥዕል በሌላ እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። በስክሪኑ ላይ ኤፍራይን አፉን በሰፊው ከፍቶ ባለ በሌለ ድምፁ «ሺፕ!» አለ።

ዘይነባ ብርድ ልብሶቹን አየች። ሥዕሉን አየች። ኤፍራይንን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሸምሱ ዞረችና «የመረጥከው ሙክት ይኸው» አለችው።

እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ሸምሱ የብርድ ልብስ እሥር ላይ ተዘረጋ። ዘይነባ ገመዱን አንገቷ ላይ ጥላ ግድግዳ ትደበድባለች። አባቴ ራሱ «አርባ በግ! እኔ ቤት!» እያለ እንባውን በጭምብሉ ይጠርጋል። እኔም ሆዴን ይዤ ቁጭ አልኩ። በዚያ ወር እያንዳንዳችን የምናውቀውን ሰው ቀብረን ነበር። ሳቁ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግን አልቆም አለ።

ቀና ስል ኤፍራይን ክራቫቱን ሲፈታ አየሁት።

«ገባኝ» አለ በዝግታ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛው። «እናንተም ሳቃችሁብኝ። ነጃት፣ አመሰግናለሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ አልቀርብም።»

በእሱ እንዳልሳቅን፣ ሰዎቹ በግ ፍለጋ እንደመጡ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ይባስ ተወሳሰበ። አባቴ «ምን አለ?» አለኝ። ተረጎምኩለት።

አባቴ አንድ የብርድ ልብስ እሥር ጎትቶ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠና ጭምብሉን ዝቅ አደረገ።

«ንገሪው» አለኝ። «ስማኝ ወንድሜ። እኔ ስልጤ ነኝ። መርካቶ ስገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አማርኛ በጆሮዬ እንጂ በአፌ አልነበረም። ልብስ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ እየዞርኩ ስሸጥ «ሊብስ! ሊብስ!» እል ነበር። ገበያው ሁሉ ስሜን ትቶ «ሊብስ መጣ፣ ሊብስ ሄደ» አለኝ። ሁለት ሳምንት አፌን ዘግቼ በእጅ ምልክት ሸጥኩ።»

ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ እኔ ራሴ የአባቴን እንግሊዝኛ ጓደኞቼ ፊት እያስመሰልኩ አስቅ ነበር። አባቴን ሳላይ ለኤፍራይን ተረጎምኩለት።

ኤፍራይን ክራቫቱን እንደያዘ ወደ ካሜራው ጠጋ አለ። «ከዚያስ ምን አደረግህ?» አለ።

«አንድ ዣንጥላ ጠጋኝ ሽማግሌ ጠራኝ» አለ አባቴ። «ፈገግ አትበል አለኝ። «ሊ» ስትል ከንፈርህ ወደ ጆሮህ ይሄዳል። «ል» ስትል ግን ፊትህ እንዳይነቃነቅ። ቀኑን ሙሉ ሲሸከም የዋለ፣ ለመናገር የሰለቸው ሰው ሆነህ በለው። አየኸኝ? ሊብስ። ልብስ። ሊብስ። ልብስ።»

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ምላስና ስለ ከንፈር አቀማመጥ መጽሐፍ ሳነብ ከርሜያለሁ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም።

ኤፍራይን ፊቱን ጣለ። ትከሻውን አወረደ። በአንዴ የደከመው ሰው መሰለ። «ሺ... ሽ... ሺፕ።»

«ቆይ ቆይ!» አለች ዘይነባ። ሥዕሎቹን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ነጁ፣ ንገሪው፤ እኛ ዓይናችንን እንጨፍናለን። እሱ ይበል። የሰማነውን እንነግረዋለን። ገዢ እኮ እኛ ነን!»

ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሸምሱ ተንጋልሎ እንደተኛ።

«ሺፕ።»

«በግ!» አሉ አንድ ላይ። ዘይነባ የበጉን ሥዕል ከፍ አደረገችለት።

«ሺፕ።»

«በግ!»

ኤፍራይን ዓይኑን ጨፈነ። በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሽፕ።»

አንድ ሰው ከኋላ «መርከብ?» አለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

«ሽፕ።»

«መርከብ!» ብለው ጮኹ። ዘይነባ እልልታዋን አቀለጠችው። የአጠገባችን ባለ ሱቆች እሳት የተነሣ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ኤፍራይን ወንበሩን ገፍቶ ቆመ፤ ሆዱ ብቻ ነው የሚታየን። «ሽፕ! ሽፕ! ሽፕ!» ይላል፤ እኛ «መርከብ! መርከብ! መርከብ!» እንላለን። አንዴ ተሳስቶ «ሺፕ» ሲል አሥራ ሁለት ሰው «በግ!» ብሎ ጮኸበት። ያኔ እሱም ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ አንድ ጥርሱ ወርቅ ነበር።

ክራቫቱን መልሶ አስሮ ወደ ቃለ መጠይቁ ገባ። ከእኛ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። አንዱ ኮሪደር ላይ፣ አንዱ ደረጃው ላይ ተራርቆ ተቀምጦ ይጠብቃል። አባቴ አንድ ደንበኛ ሊያስተናግድ ሞክሮ የተጠየቀውን ብርድ ልብስ ትቶ ፎጣ አወጣለት።

ኤፍራይን ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ደወለ። ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶታል። ተቀብለውታል። ወደቦች እንደተከፈቱ ይሄዳል። «ሽፕ» የሚለውን እያንዳንዱን ጊዜ በትክክል ብሎታል። መጨረሻ ላይ ግን «ተቀብለንሃል» ሲሉት ከደስታው የተነሣ ከንፈሩ ጆሮው ድረስ ሄደና «አመሰግናለሁ፣ በጉ ላይ እንገናኝ!» አላቸው። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ በአማርኛ «መርከብ!» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

አባቴ ግን «ኢንሻአላህ አለ» ያላቸው ሰዎች ነገር እንቅልፍ ነሣው። በማግስቱ ከሸምሱ ጋር በባኪዋ ከከተማው ወጥተው አንድ በግ አርቢ ፈለጉ። ለሁለት ቀን ተመላልሰው ለአረፋ ለሁሉም በግ አደረሱላቸው። ሸምሱ መጋዘናችን ውስጥ እንደሰማው ዓይነት ድምፅ ያለው እንዳላገኘ እየማለ ይናገራል።

እኔ ዛሬ መምህር ነኝ። ኤፍራይንም ከየወደቡ ፎቶ ይልክልኛል። ያን ቀን ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ ግን ሱቁን ዘግተን ወደ ሮዘተንቪል ስንመለስ መኪና ውስጥ የተነጋገርነው ነው። አባቴን ይቅርታ አልኩት።

«ለምኑ?» አለኝ።

«ልጅ ሆኜ በእንግሊዝኛህ እስቅ ስለነበር።»

መንገዱን እያየ ማርሽ ቀየረ። «እኔና እናትሽም እኮ በአንቺ ስልጢኛ እንስቃለን» አለ። «ማታ ማታ፣ እናንተ ከተኛችሁ በኋላ። ሆዳችን እስኪያመን።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ እየሳቅን ገባን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልጢኛ ደፍሬ እናገራለሁ። ብሳሳትም ግድ የለኝም፤ አባቴና እናቴ የሚስቁበት አዲስ ነገር ሳገኝላቸው ደስ ይለኛል።