ዘይነባ ዞር ስትል

እንደ ዘይነባ የቀናሁበት ሰው የለም። የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ እንደ 4837384 ያለ ቁጥር ይጽፉና፣ «ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ ነው፣ ወይስ አይደለም?» ይሉናል። እኔ ዳርና ዳሩን እያስተያየሁ ወደ መካከል ስገባ መልሱን ቶሎ አገኘዋለሁ፤ እጄን ማውጣት ግን እፈራለሁ። ከፊቴ የምትቀመጠው ዘይነባ ዞር ብላ ታየኛለች፤ ወዲያው እጇን አውጥታ ትመልሳለች። ሁልጊዜም ትክክል ነች። ዞር የምትለው ልታበሽቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ጣና ማዶ ካሉት ከዘጌ ተማሪዎች ጋር በሒሳብ የሚወዳደር አንድ ተማሪ ሲፈለግ መምህሩ፣ «ጓድ ዘይነባ ትሂድ!» አሉ። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ በጀልባ ጣናን ተሻግሬ አላውቅም፤ ቅናት ይዞኝ አላጨበጨብሁም።

«መምህር፣ እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

ተማሪው ሁሉ ሳቀ።

«መቼስ ምን ይደረጋል፣ አጨብጫቢ ሆኖ ይከተልሽ» አሉ መምህሩ።

አጨብጫቢ! ወደ ጀልባው ስንወርድ ንዴቴ ፍርሃቴን አስረሳኝና፣ «እዘኝልኝ ያለሽ ማን ነው?» አልኋት።

«ወግድ! ማን አዘነልህ? ቁጥሩ ከግራም ከቀኝም አንድ ሲሆን ፈገግ ትላለህ፣ ሳይሆን ሲቀር ከንፈርህን ትነክሳለህ። የአንተን ፊት ካላየሁ ከየት አምጥቼ ልመልስ? ብቻ አደራህን፣ እዚያ ስንደርስ ፊት ለፊቴ ተቀመጥ።»