ልጄ ጋሼ ስትለኝ

በዚያ እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የቤቱ ባለቤት እትዬ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። የልጄ አያት፣ የሟች ባለቤቴ እናት፣ በእኔ ክፍል በር አጠገብ ካለው የጭቃ መደብ ላይ ናቸው። ከጎናቸው ወንድማቸው አሉ፤ በአገራቸው የገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎ አባል ስለሆኑ የትም ሲቀመጡ እንደ ዳኛ ነው የሚቀመጡት። ጎረቤቴ ሸማኔው በሥራ ቦታው፣ በቆርቆሮው ዳስ ሥር፣ እግሩን በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ነበር። እሁድ ስለሆነ አይሠራም፤ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረው ነው። ሚስቱ ልጆቿን በተራ ታጥባለች። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ አንዲት ሴት፣ ሁለት ወንድ። አራት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት የእኔ ልጅ ከእነሱ ጋር ተራዋን ትጠብቃለች። እኔ ቆሜያለሁ።

የተሰበሰብነው አንድ ነገር ለመቁረጥ ነው፤ ልጄ ከእኔ ጋር ጉለሌ ትቅር ወይስ ከአያቷ ጋር ወደ ጎጃም ትሂድ።

ባለቤቴ የሞተችው ደብረ ማርቆስ እያለን፣ ከሳምንት ባልበለጠ ትኩሳት ነው። ምን እንደገደላት እስከ ዛሬ በትክክል የነገረኝ ሰው የለም። እኔ ያን ጊዜ በአንድ የመንገድ ሥራ ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ሆኜ ገብቼ፣ መሐንዲሶቹ የጣሏቸውን ወረቀቶች እየገለበጥኩ ንድፍ መሳል ራሴን አስተምሬ ነበር። ፊደሌም መሥመሬም ጥሩ ስለሆነ በኋላ በዚያው ሥራ ቀጠሩኝ፤ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ደግሞ አዲስ አበባ ወዳለው መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል አዘዋወሩኝ።

አያቷ ልጅቷን እንድወስድ የፈቀዱት በአንድ ቃል ነው። “ውሰዳት። ግን ሙት ዓመቱን አውጥቼ እመጣለሁ፤ አይቼ እፈርዳለሁ” አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ልጅ ከእናት አያት እጅ ነጥቆ ወደማያውቀው ከተማ የሚሄድ ወንድ፣ ሌላ ምን ይላል።

ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ በእትዬ ግቢ በደባልነት ገባሁ። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ማከራየት ክልክል ስለነበረ፣ እትዬ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ “ቀበሌ ከጠየቀ የእህቴ ልጅ ነህ” አሉኝ።

“እህት አለዎት?”

“የለኝም። አንተ ግን ልጇ ነህ።”

ክፍሏ ከመኝታና ከአንዲት ጠረጴዛ በላይ አትይዝም። ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለበጠ ነው፤ በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው እርጥበት ጋዜጣውን ከታች ወደ ላይ እየላጠው ይሄድ ነበር። ልጄ እርጥቡን በጣቷ እየተከተለች ትቀደው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ከጠረጴዛዬ ሥር እርሳስና የተበላሸ ወረቀት ሰጥቼ አስቀምጣታለሁ። የእኛ ሥራ በቀጭን ብዕር ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ መሥመር ማስመር ነው፤ የተሳሳተ መሥመር በምላጭ ይፋቃል። ጠረጴዛው አንዴ ከተነቀነቀ የጧት ሙሉ ሥራ ይበላሻል። ኃላፊያችን ደግ ሰው ነበር፤ ታግሶ ታግሶ፣ “ጓድ፣ ልጅህ ጨዋ ናት፤ ምላጩ ግን ጨዋ አይደለም” አለኝ። ገባኝ።

ያን ቀን ማታ የሸማኔው ሚስት ልጄን ከእጄ ተቀበለችኝና በመታጠቢያ ሳፋ ውስጥ ከልጆቿ ጋር አስቀመጠቻት። እሷም ባሏም ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። “እዚህ ትዋል” አለች። “ሦስት የሚያጎርስ እጅ አራተኛውን አይቆጥርም።” እስከ ዛሬ ያንን ውለታ የምመልስበት ነገር አላገኘሁም።

እንግዲህ ጧት ጧት ልጄን እዚያ እተዋለሁ፤ ማታ እወስዳለሁ ብዬ ነበር። ማታው ግን የእኔ አልነበረም። በመሥሪያ ቤት የውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት አይቻልም። ደግሞ ቀበሌው መጻፍና ማንበብ የሚችለውን ሁሉ ሲመዘግብ፣ እኔን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አድርጎ መደበኝ። ከቢሮ በቀጥታ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄጄ ለእንጨት ተሸካሚዎችና ለፈታዮች ሀ ሁ አስቆጥራለሁ። ስመለስ ልጄ በሸማኔው ቤት፣ በአንድ ቡልኮ ውስጥ ከሦስቱ ልጆች ጋር ተኝታ አገኛታለሁ። ላነሳት ስል ሴትዮዋ፣ “ተዋት፣ ሙቀቷን አታስጥላት” ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የእኔ ክፍል ይቀዘቅዛል። እተዋታለሁ።

ጋሼ የሚለው ቃል የመጣው እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ልጆቿን፣ “የሚያስተምር ሰው ስሙ አይጠራም፤ ጋሼ በሉት” ብላ አስለምዳቸው ነበር። ልጄ ከደብረ ማርቆስ ስንመጣ አባ ነበር የምትለኝ። አንድ ቀን ጧት በሩ ላይ ቆማ፣ “ጋሼ፣ ጫማዬን እሰርልኝ” አለች። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ጫማዋን እያሰርኩ፣ “እኔ ማነኝ?” አልኳት።

“ጋሼ።”

“ሌላስ?”

“ጋሼ ነሃ።”

ጥቂት ቀን እንዲህ አረምኳት። ከእኔ ጋር ስትሆን አባ ትላለች፤ ማታ ተኝታ ስትነሳ ረስታዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ አባታቸውን ጋሼ የሚሉ ልጆች ብዙ እንደሆኑ ቢሮ ውስጥ ነገሩኝ፤ እዚያው የሚሠራ አንድ ባልደረባዬን የገዛ ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሉት። ስለዚህ ተውኩት። ሸማኔውን አባዬ፣ ሚስቱን እማዬ እንደምትል ግን ቢሮ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። ለልጆቹ አባዬና እማዬ ናቸው፤ ለእሷም ሆኑ።

አያቷና ወንድማቸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ሽማግሌው ወንድማቸው የሚደርሱበትን ቀን በደብዳቤ ወደ ቢሮ አስታውቀውኝ ስለነበር አውቶቡስ ተራ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ልጅቷ አያቷን አላወቀቻቸውም፤ ከሸማኔው ሚስት ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ፀጉሯ ነው።

“ፀጉሯ የታል?”

“ቅማል ስላስቸገራቸው አራቱም ተላጩ፣ እማማ።”

“አራቱም” አሉ።

ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ቢሮ ነበርኩ። ስመለስ አያቷ የቀረበላቸውን ምሳ አልነኩም። ልጄ ከውጭ፣ “ጋሼ መጣ” ብላ ስትጮህ ሰማሁ። አያቷም ሰሙ።

“ለዚህች ልጅ ማነኝ ብለሃት ነው?” አሉኝ።

“እንዴት፣ እማማ?”

“ወጣት ነህ። ነገ ሌላ ታገባለህ፤ አልከለክልህም፤ ልጄም አፈር ሆናለች። ግን እሷ የወለደችልህን ልጅ እህቴ ናት እያልክ ነው የምትኖረው?”

በእሳቸው አገር ጋሼ የሚባለው ታላቅ ወንድም ነው። እኔም የዚያው አገር ልጅ ሆኜ ሳለ እንዲህ ይሰሙታል ብዬ አላሰብኩም። “የግቢው ልጆች ልማድ ነው” አልኳቸው።

“ልማድ ነው ይላል” አሉ ወደ ወንድማቸው ዞረው።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “ነገሩን በሥርዓት እናድርገው” አሉ። ሸንጎ ላይ ያሉ ይመስላቸው ነበር። “እኔ የፍርድ ሸንጎ አባል ነኝ፤ ለማንም አላደላም” ብለው መጀመሪያ ወደ እትዬ ዞሩ። “እርስዎ የቤቱ ባለቤት፤ ይህ ወጣት ምንዎ ነው?”

እትዬ ስለ እኔ ጥሩ ነገር ለመናገር ከዋዜማው ጀምሮ ተዘጋጅተው ነበር። የፍርድ ሸንጎ የሚለውን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሸንጎ ሲባል የሚያውቁት የእኛን ቀበሌ ነው። በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉና፣ “የእህቴ ልጅ ነው” አሉ።

“እትዬ፣ እነሱ ዘመዶቼ ናቸው” አልኩ።

“የእህቴ ልጅ ነው፣ ጌታዬ። ኪራይ የሚባል ነገር በዚህ ግቢ የለም።”

አያቷ አንገታቸውን ነቀነቁ። “የእናቱ ቀብር ላይ ነበርኩ፤ ሴትዮዋ እህት አልነበራትም” አሉ።

የሸማኔው ሚስት ሳቋን መያዝ አቃታት። “አባባ፣ ቀበሌን ፈርተው ነው፤ እዚህ አገር ደባል ሁሉ የእህት ልጅ ነው” ብላ ለማስረዳት ሞከረች። ነገሩን አባሰችው እንጂ አላቃለለችውም። ሽማግሌው፣ “በዚህ ግቢ ሰው ሁሉ የሌላ ሰው ነው ማለት ነው” አሉ። “እንግዲህ ልጅቷን እንጠይቅ። ልጅ አይዋሽም።”

ይህን ሲሉ እኔም አልተቃወምኩም። ልጅ እንደማይዋሽ እኔም አምን ነበር።

ልጄ ተራዋ ደርሶ ታጥባ፣ በነጠላ ተጠቅልላ ቆማ ነበር። “ነይ የኔ እመቤት” አሏት ሽማግሌው። “አባትሽ የታል?”

ልጄ ሁላችንንም አየችን። ከዚያ ነጠላውን እየጎተተች ወደ ዳሱ ሄደችና ከሸማኔው ኋላ ሆና አንገቱን አቀፈች።

ሸማኔው እግሮቹን ከጉድጓዱ አወጣ። ሲያፍር አማርኛው ይጠፋበታል። “የልጆች ጨዋታ ነው” አለ። “ልጆቼ ሲሉ ሰምታ ነው። አባቷ እሱ ነው። ሁልጊዜ ማታ ይመጣል፤ ኩራዙን ይዞ ያያታል።”

“ይህስ ማነው?” አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ እየጠቆሙ።

“ጋሼ።”

“ጋሼ ምንሽ ነው?”

አሰበች። ስታስብ ከንፈሯን እንደ እናቷ ወደ አንድ ጎን ትስበዋለች። ከዚያ ወደ ክፍሌ በር ጠቆመችና፣ “እዚያ ቤት የሚኖር” አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም። እኔ፣ “ትቅርልኝ። ከእንግዲህ ማታ በጊዜ እመጣለሁ፤ ከእኔ ጋር ታድራለች” አልኩ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። “የማታ ማስተማሩን ትተዋለህ?” አሉኝ።

“አልችልም፤ ቀበሌው ነው የመደበኝ።”

“ስብሰባውንስ?”

“እሱንም አልችልም።”

“እንግዲያው በጊዜ አትመጣም፣ ልጄ።”

አያቷ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ ብለው ያናገሩኝ። “ክፉ ሰው አይደለህም። ግን እኔ እናቷን ቀብሬያለሁ፤ ልጅቷ አባቷን ሳታውቅ አትደግ። እኔ ቤት አባትሽ እገሌ ነው፣ አዲስ አበባ ነው እያልኩ ስምህን እየጠራሁ አሳድጋታለሁ። ለትምህርት ስትደርስ ትመጣለህ” አሉ። አብራኝ ስትኖር ያላወቀችኝ ልጅ በሩቅ ሆኜ ልታውቀኝ ነው። ነገሩን ሳስበው ግን ስህተት አላገኘሁበትም።

አውቶቡሱ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ስለሚነሳ፣ መርካቶ ካለ ዘመዳቸው ዘንድ ለማደር በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጡ። የሸማኔው ሚስት ቆሎ በጨርቅ ቋጠረች። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ልጄ ወዴት እንደምትሄድ ስላልገባቸው እኛም እንሂድ ብለው አለቀሱ። ታላቂቱ አላለቀሰችም። ሁሉም በግቢው በር ላይ ቆመው ሳሉ ሰማዩ ጠቆረ፤ የልጄ ሹራብ ክፍሌ ውስጥ መቅረቱ ትዝ አለኝና ላመጣ ተመለስኩ። ከአልጋው ሥር ገብቶ ስለነበር ትንሽ ቆየሁ።

ስወጣ የሸማኔው ሚስት አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሸማኔው መሬት መሬት ያያል። አያቷ ልጅቷን ወደ ወንድማቸው አሳልፈው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል። ልጄ ብቻ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ሆና እንደ ወትሮዋ ነበረች። ሹራቡን ሳለብሳት እጇን ራሷ አስገባች።

“ምን ሆናችሁ?” አልኩ።

እትዬ፣ “ምንም፤ ልጅ ያለችውን ብላ ነው” አሉ። ከዚያ በላይ የነገረኝ የለም። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አቅፌ ወሰድኳት፤ በመንገድ ላይ ያወራችኝ እንጨት ጭነው ስለሚያልፉት አህዮች ብቻ ነው።

እትዬ ካረፉ ቆይተዋል። ሽማግሌውም የሉም። ልጄ እዚያው አያቷ ዘንድ ትምህርት ጀምራለች፤ ለፋሲካ ስሄድ ተነስታ እንደ እንግዳ እጅ ትነሳኛለች፤ ያን ቀን አታስታውሰውም። እኔ ግቢውን ከለቀቅኩ በኋላ ሸማኔውና ሚስቱ ወደ ቁስቋም አቅጣጫ ቤት እንደቀየሩ ሰምቻለሁ። ልጆቻቸው አሁን ማንበብ ይችላሉ፤ ታላቂቱን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን በግቢው የነበራችሁ፣ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከደረሰ፣ ከላይ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደተናገረ። ከሁሉ በላይ ግን ሹራቡን ልፈልግ በገባሁ ጊዜ ልጄ በሩ ላይ ሆና ምን እንዳለች ቃሉን የምታስታውሱ ካላችሁ ንገሩኝ። የሚያስከፋም ቢሆን፣ እንዳለችው ንገሩኝ።