የደነዘዙት ጣቶቼና የሃዋ የስፌት መኪና

መጀመሪያ የጠፋኝ መርፌው ነው። አንድ ቀን ጠዋት አሶሳ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ለአንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ድሪቶ እሰፋ ነበር። ሰው ድሪቶ ሲባል ቡትቶ ይመስለዋል። የእኔ ግን ከቁርጥራጭ ጨርቅ በወግ ተገጣጥሞ፣ ጥጥ ገብቶበት፣ ከሥሩ ገበር ተደርቦ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ እናቴ ያስተማረችኝ ሥራ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግሁትም በእሱ ነው። ያን ጠዋት መርፌው ወድቆ እኔ በባዶ እጄ መስፋቴን ቀጠልኩ። መያዝ አለመያዜን ያወቅሁት ጎንበስ ብዬ ሳይ ነው።

አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ ደነዘዙ። ብርድ ነው አልኩ። እጄን በቅባት አሸሁት፤ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ከእንቅልፌ ስነሳ እጄ የሌላ ሰው ይመስለኝና አራግፈው ነበር። አንድ ቀን የጋለ ድስት አነሳሁ። መቃጠሌን ያወቅሁት ቆዳዬ ሲላጥ ነው።

እዚህ ላይ መደበቅ የማልፈልገው ነገር አለ። ምልክቱን ቀድሜ አውቀው ነበር። በሃዋ እጅ ላይ አይቼዋለሁ።

ሃዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ እየተመላለሰች ስምንት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ድሪቶውን በቀርከሃ ፍሬም ላይ ወጥረን፣ እሷ በዚያ እኔ በዚህ ሆነን እንሰፋ ነበር። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ እኔን ሴቷንም «አንተ» ነው የምትለኝ።

«እትዬ፣ እጄ ሞተ» አለችኝ አንድ ቀን። «መርፌ አይሰማም። አንተ የስፌት መኪና ግዛ፣ በመኪና እንሥራ።»

የሠርግ ሥራ ተቀብዬ ነበር፤ ቀኑ ደርሷል። ሁለት ደንበኞች አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ስንፍናሽን በእጅሽ አታመካኚ» አልኳት። «መኪና የሰነፍ ነው። የእጅ ሥራ ካስጠላሽ በሩ ክፍት ነው።»

መርፌዋን ገበሩ ላይ ሰካች። ቶቧን፣ ረጅሙን መጎናጸፊያዋን፣ ተከናንባ ወጣች። አልተመለሰችም። እኔም የት ደረሰች ብዬ አልጠየቅሁም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የእኔ ጣቶች የደነዘዙት። ሁለት ወር ሙሉ ሐኪም ቤት ያልሄድኩት ገንዘብ ቸግሮኝ አይደለም። የበሽታውን ስም ብሰማ ሃዋ እውነቷን እንደነበር የሚነገረኝ መስሎኝ ነው።

በመጨረሻ ስሄድ የአጥንት ሐኪሙ የሁለቱን እጆቼን ጀርባ አጋጥሜ እንድይዝ አዘዘኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ ደነዘዙ። የእጄን አንጓ በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ።

«ካርፓል ተነል ሲንድሮም ይባላል» አለኝ። «በእጅዎ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ሚዲያን ነርቭ ተጨንቋል። ለዓመታት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ እጅ ላይ እናየዋለን።»

ስኳር ወይም የታይሮይድ ችግር እንዳለብኝ ለማወቅ ደም አስመረመረኝ፤ ነጻ ነበርኩ። አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት አደረግሁ። ቀጥሎ የስቴሮይድ መርፌ ተወጋሁ። ለጊዜው አሻለኝ፤ ከዚያ ብሶ ተመለሰ። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገኝ ሲነግረኝ የአውራ ጣቴን ሥር ጫን ጫን እያደረገ፣ «በጊዜ ነው የመጡት» አለ። «ይህ ጡንቻ አንዴ ከሟሸሸ ቀዶ ሕክምናም ላይመልሰው ይችላል።»

«ሦስት ዓመት የቆየበት ሰውስ?» አልኩት።

«ይምጣ። ባይመለስ እንኳ እንዳይብስ እንረዳዋለን።»

ማን እንደሆነች አልነገርኩትም።

በቀዶ ሕክምናው ቀን እጄን ብቻ አደነዘዙት። ነቅቻለሁ። ጨርቅ ጋርደውብኛል። ሕመም የለም። የሚጎተት ነገር ይሰማኛል። አለቀስኩ። ነርሷ «አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አይ፣ አልኳት።

የቁስሌ ስፌት በተፈታ ማግስት ወደ ገበያው የልብስ ሰፊዎች ተራ ሄድኩ። ሃዋ እዚያ በእግር በሚረገጥ መኪና ድሪቶ እንደምትሰፋ ወሬውን ሰምቼ ነበር። ከሩቅ ስታየኝ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«እጅህ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ጠባሳውን አሳየኋት። «ያንቺ በሽታ ነው። ሰነፍ አልኩሽ፤ በሰው ፊት አዋረድኩሽ። በድዬሻለሁ ሃዋ።»

ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። የአውራ ጣቷ ሥር ሥጋው ጎድጉዷል።

«ማሌሽ» አለች። እዚህ አገር «ግድ የለም» ለማለት የሚሉት ነው። ይቅር ማለቷ ይሁን ነገሩን መተዋ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። በርጩማውን ሳበችልኝና «ተቀመጥ» አለችኝ።

ቁስሉ ሽሮ ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ መኪና መማር የጀመርኩት በዚያ በርጩማ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት በእጄ ሰፍቼ፣ ሦስቱን ንብርብር በመርፌ ቁልፍ ማያያዝና ጨርቁን እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ ከመሃሉ ወደ ዳር መስፋት እንደ አዲስ ተማርኩ። ጨርቁን እንደ ለመድኩት ቆንጥጬ እይዘዋለሁ፤ ገበሩ ይጨማደዳል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ እግሬ ሲፈጥን እጄ ይቀራል። ሃዋ የተበላሸውን ያለ ቁጣ እየተረተረች፣ «አትጭን። እጅ መንገድ ያሳይ፣ እግር ይሥራ» ትለኛለች። ስላልተቆጣችኝ ይበልጥ አፈርኩ። የመጀመሪያውን ሙሉ ድሪቶ ጨርሼ ብርሃን ላይ ስዘረጋው መስመሩ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ እሷ ግን ዞር ዞር ብላ አይታው ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየችልኝ። በእኔ ቤት እንደዚያ ተደርጎላት አያውቅም።

ከዚያ እኔ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እሷም ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ድንዛዜው ለቀቃት። የአውራ ጣቷ ጉልበት ግን አልተመለሰም።

ሐኪሜንና ያችን ነርስ አመሰግናለሁ። ሃዋን ለማመስገን የሚበቃ ቃል የለኝም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በእጃችሁ የምታድሩ፣ ድንዛዜው ሲመላለስባችሁ ብርድ ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ በሐኪም ታዩ። ሥራችሁን መሃል ላይ እያቆማችሁ እጃችሁን አሳርፉ፤ መኪናም ቢሆን ያደክማል። አብሯችሁ የሚሠራ ሰው እጄ አልሰማ አለኝ ቢላችሁ ደግሞ እመኑት። ቀኑ የደረሰ ሥራ ቢኖርም እመኑት።

አሁን መኪናዎቻችን ጎን ለጎን ናቸው። ሃዋ ቀጭን ነገር መቆንጠጥ ስለማትችል በእሷ መርፌ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። በቀን ብዙ ጊዜ ትጠራኛለች። የያዝኩትን አቁሜ እነሳለሁ።