ለመካኒክ የማይሰማ ድምፅ

ሰዎች ስለ መኪናቸው ሲያወሩ መስማት አልወድም። ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ከሚዋሹት ይበልጥ ይዋሻሉ። የእኔ ፒካፕ ግን ቢዋሽለትም የሚያምን አይገኝም ነበር። ከአንድ የፈረሰ ድርጅት በጨረታ የገዛሁት፣ አፍንጫ የሌለው፣ ሞተሩ ከጋቢናው መቀመጫ ሥር የተቀበረ አሮጌ የጃፓን ሥሪት ነው። ሞተሩን ለማየት ከሾፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ኋላ ማንሣት ያስፈልጋል። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ጠዋት ይሞቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠበሳል።

ለዓመታት የተጠበሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቃሊቲ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን የኖርን ጎረቤቴ፤ የሒሳብ ሠራተኛ። እኔ እርማት የምሠራበት ማተሚያ ቤትና የእሱ መሥሪያ ቤት ሁለቱም ለገሃር አካባቢ ስለነበሩ ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ማታ አብረን እንመለሳለን። በመካከል ያለውን መንገድ የምንገፋው በክርክር ነው። እሱ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል፤ እኔ ደግሞ ኅትመት እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ ሥራ አይጀምርም ብዬ ተከራከርኩት። ሥራ ሲጀምር አይቆይም አልኩት። ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ጊዜ፣ ሰውን እንደ መጽሐፍ ፎቅ ላይ መደርደር ምን ይሉታል አልኩት።

«አንተ መጻሕፍትህን እንኳ መቼ ደረደርካቸው?» አለኝ። «መሬት ላይ አይደል የቆለልካቸው? መጀመሪያ መደርደሪያ ግዛ፣ ከዚያ ስለ ሕዝቡ ታወራለህ።»

ዕጣው ወጣለትና ወደ ቱሉ ዲምቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሄደው በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ሆነ። በስልክ ሦስት አራት ጊዜ ናና ቤቴን እይ ብሎኛል። መኪናውን አሠርቼ እመጣለሁ እለዋለሁ። መኪናው ድምፅ ማሰማት የጀመረው እሱ በሄደ ሰሞን ነበር። ያኔ ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም። እንዲህ ያለውን ነገር የማገናኝ ሰው ብሆን ልብ ወለድ እጽፍ ነበር።

ድምፁ ባዶ ጣሳ ውስጥ የገባ ጠጠር ዓይነት ነው። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ካልረገጥኩ አይሰማም። መንገድ ከያዝኩ በኋላ፣ በተለይ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጠው ከሥር ይንኳኳል፤ ስተወው ይተዋል፣ ስሰጠው ይመለሳል። አሥር ዓመት ያለ ሬዲዮ የነዳሁት መኪና ነው፤ ድምፁን ከራሴ ድምፅ ይልቅ አውቀዋለሁ። ይህ የእሱ አልነበረም።

ከጭነት መኪኖች ማቆሚያው አጠገብ ካለው ጋራዥ ወሰድኩት። የኛ አገር መካኒክ መኪና የሚመረምርበት ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መቀመጫውን አንሥቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ቀጥሎ «እስቲ ዞር ዞር እንበልበት» ይልና ጋቢና ይገባል። ያን ጊዜ በአቅራቢያው ያለ ሥራ ፈት ሁሉ ወደ መስኮቱ ይጠጋል።

«ፍሪሲዮን ነው» አለ አንዱ፣ ገና መኪናው ሳይነሣ።

«አንተ ምኑን ሰማኸው?» አለው መካኒኩ።

«የኛም ሲኖትራክ እንደዚሁ ነበር።»

መካኒኩ ከጎኔ ተቀምጦ እስከ ቃሊቲ ማሠልጠኛ ድረስ ሄደን ተመለስን። ምንም። እሱ መሪ ይዞ እኔ ከጎኑ ሆኜ ደገምነው። ሞተሩ እንደ ዲያቆን ልሳኑ ጠርቶ ይሠራል።

«ጋሼ፣ አሁን የቱ ጋ ነው የሚንኳኳው?»

«አሁንማ ጠፋ።»

«እንዲህ ነው እንግዲህ» አለ በአዘኔታ። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ምን አገናኘው?»

«አይ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን ብዙ ነገር ይሰማዋል ብዬ ነው።»

አመስግኜው ወጣሁ። ከጋራዡ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ እንኳ አልታገሠኝም። ኳ ኳ ኳ።

ሁለተኛው መካኒክ አቃቂ ነበር፤ በዕድሜ የገፋ፣ በእርግጠኝነትም የገፋ። እሱም መቀመጫውን አነሣ፣ አዳመጠ፣ ከጎኔ ተቀምጦ ዞረ፤ እሱም ምንም አልሰማም። ግን ምንም አለመስማቱን እንደ ማስረጃ ቆጠረው።

«የሚደበቅ ድምፅ ክፉ ነው» አለኝ። «ቢየላው ነው። ፒስተኑን የሚገፋው ብረት ላላ ብሏል ማለት ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሞተሩን በስቶ ይወጣል። ሞተር ይውረድ።»

«ሳትሰማው እንዴት አወቅህ?»

«ሐኪም ሕመምህን ታሞ ነው እንዴ የሚያውቀው?»

አንድ ሰው ሕልም ታልማለህ ሲለኝ ሌላው ሞተሩ ሊፈነዳ ነው አለ። በዚህ ዕድሜዬ ከሁለቱ ክፉውን ማመን ይቀለኛል። ሞተር ለማስወረድ አቅሜ አይፈቅድም ነበርና ለመሸጥ ወሰንኩ። አንድ ደላላ ሰኞ ገዢ ይዤ እመጣለሁ አለ።

መኪናው ሲሸጥ ምን እንደሚሸጥ አውቅ ነበር። ሰልፍ ይዤ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሰው የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። ስልኩም ቀስ በቀስ በበዓል ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ በዓሉም ይረሳል። ከዚያ ጎረቤቴ በቀር የሚከራከረኝ ሰው አልነበረኝም። ሌሎቹ በጨዋነት ይስማማሉ፣ ከዚያም ይሄዳሉ።

የቀረው አንድ ጉዳይ ቁም ሣጥኑ ነበር። ሲዛወር ደረጃ አይወጣም ብሎ ትቶት የሄደው ቁም ሣጥን የአከራያችን ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር፤ አከራያችን ደግሞ «ወይ ይወሰድ ወይ እፈልጠዋለሁ» ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። እሑድ ጠዋት የግቢው ጎረምሶች ጭነውልኝ ወጣሁ። እስከ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ድረስ ኳኳታው አልተለየኝም። በየዳገቱ አሁን በሳ፣ አሁን ወጣ እያልኩ ነው የደረስኩት።

አደባባዩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ ደረጃው ይሆናል። ገብቶ ያንን መቀመጫ እንደ ድሮው ሁለቴ ተቀመጠበት፤ አንዴ ለመቀመጥ፣ አንዴ ለመደላደል።

«ወደ ቀኝ» አለኝ። «እንደ እስረኛ ፊትህን አታጨማድደው፣ ፎቅ አይበላህም።»

«የትኛው ነው ያንተ?»

«ያ ቢጫው።»

«ሁሉም ቢጫ ነው።»

«ገና ሳትወርድ ጀመርክ?»

ደስ አለኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ «የታለ በስልክ ያልከኝ ድምፅ?» አለ።

አዳመጥኩ። ነዳጅ ሰጠሁት። ምንም።

«አሁን እስከ አደባባዩ ድረስ ነበረ እኮ!»

«ከኔ ጋር መከራከር አይፈልግም ማለት ነው። ካንተ ይሻላል።»

ብሎኩ ጋ ስንደርስ ወደ ደረጃው አፍ በኋላ ማርሽ መግባት ነበረብኝ። ወርዶ ከኋላ ቆመና እጁን እያወዛወዘ ያስገባኝ ጀመር። «ና! ና! ግራ ስበር! ና!» አቀበት ነበርና ነዳጁን ረገጥኩት። ኳ ኳ ኳ ኳ።

«ቁም!» ብሎ ጮኸ። «አታጥፋው! ሰማሁት!»

እየሮጠ መጥቶ ጋቢና ገባ። ድምፁ ቆመ። ሁለታችንም ተያየን። ወረደ፤ ነዳጅ ሰጠሁ፤ ተንኳኳ። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጸጥ። እንደገና ወርዶ እጁን ብቻ በመስኮት አስገብቶ መቀመጫውን ወደ ታች ተጫነው፤ ጸጥ። ለቀቀው፤ ተንኳኳ።

መቀመጫውን አነሣነው። ከሥሩ የሚይዘው ቆልማማ ብረት አልቆ ነበር፤ ዙሪያው ላይ የነበረው ጎማም ተበልቶ የለም። ባዶውን ሲሆን መቀመጫው ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ብረት ለብረት ይመታል። መካኒኮቹ ሊያዩ ሲያነሡት ድምፁ አብሮ ይጠፋል፤ ሊያዳምጡ ሲቀመጡበት ያፍኑታል። አንዳቸውም ብቻህን ንዳና እኛ ከውጭ እንስማህ አላሉም። እኔም አላልኩም። መኪና የሚሞከረው ሁለት ሰው ሆኖ ነው።

ጓደኛዬ የደረጃው አፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ይህን ሁሉ ዓመት በቂጤ ነው የያዝኩልህ ማለት ነው! ሞተር ሊያወርዱ! አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው አልጫንክም እንዴ?»

«ማንን?»

ሳቁን አቆመና ተነሣ። «ቆይ ቢላ ላምጣ» ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።

አሮጌ ነጠላ ጫማ ይዞ ወረደ። ሶሉን ቆራርጦ በአራቱ ማዕዘን ሥር ሸጎጠው፣ መቀመጫውን ጥሎ በቡጢ መታው። ባዶውን ነዳጅ ሰጠነው፤ ዝም አለ። በዚያው መሐል ደላላው ደወለ።

«ሰኞ እንዳትመጣ» አልኩት። «አልሸጥም።»

«ሞተሩ ወረደ?»

«ሞተሩ ጤነኛ ነው። መቀመጫው ነበር።»

«ለመቀመጫ ብለህ ነው መኪና ልትሸጥ የነበረው? ጤና የለህም እንዴ?»

ጓደኛዬ ስልኩ ድረስ ጠጋ ብሎ «የለውም!» አለ።

ቁም ሣጥኑን ከጎረቤቶቹ ጋር አወጣነው፤ አይወጣም ቢባልም ደረጃው በቅቶት ነበር። ምሳ በላሁ። በመስኮቱ በኩል ገና ያላለቁት የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች ይታያሉ። ማን ይገባባቸዋል ብዬ ጠየቅሁ፣ ሰው ነዋ አለኝ፣ በዚያ ላይ እስከ አሥር ሰዓት ተከራከርን። ባለቤቱ ከሁለታችንም ፊት ሰሐኖቹን አነሣች።

ስሸኝ መኪናው ድረስ ወረደ።

«የሚመጣው እሑድም ትመጣለህ?»

«ከተበላሸ እመጣለሁ።»

«አሁን እኮ ሠራነው።»

ቁልፉን አዞርኩት።

አደባባዩ ላይ የአውቶቡሱ ሰልፍ መንገዱን ይዞ ነበር። ፍጥነቴን ስቀንስ አንዲት ሴት ዘንቢሏን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለችና «ቃሊቲ ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይደለም ማለቴ ነበር። ወደ ቃሊቲ ነበር የምሄደው። ለምን እንዳልኩ እስካሁን ምክንያት የለኝም፤ ልማድ ይሆናል። ሳስበው አልፌያታለሁ፤ በስፖኪዮ ሳይ ወደ ሰልፉ ተመልሳ ቦታዋን ለማስከበር ከሰው ጋር ትጨቃጨቃለች።

ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠሁት። ጆሮዬን አቆምኩ። እስከ ቃሊቲ ድረስ፣ በየዳገቱ፣ ምንም አልተንኳኳም።